የተቀበረ መክሊት፣ የተበተነ መክሊት



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የንኡሰ ክርስቲያንን ትምህርት ጨርሼ ከአዳራሹ ስወጣ አንዲት እናት ከደጃፉ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ልጃቸው በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ስድስት ዓመት የላከችውን ገንዘብ ሳይነኩ አስቀምጠውላት ኖረዋል። «መምህር፣ ይህ የልጄ ላብ ነው፤ አደራ ነው። በባንክ ሲቀመጥ ዋጋው ይቀልላል ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ በሦስት ወር እጥፍ አድርጎ የሚመልስ ሰው አለ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም፣ «እማማ፣ ይህ የዓለም ነገር ነው፤ እኔ የማውቀው አይደለም። ይጸልዩበት፤ እግዚአብሔር የወደደውን ያሳይዎታል» ብዬ ሸኘኋቸው። መልሴ በዚያን ጊዜ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ገንዘቡን ለዚያ ሰው መስጠታቸውን፣ ሁለት ጊዜ «ትርፍ» ተብሎ ጥቂት ብር ከደረሳቸው በኋላም ሰውየው ከነገንዘቡ መሰወሩን ሰማሁ። ልጅቱ ተመልሳ የልብስ ስፌት ቤት ልትከፍት አስባ ነበር፤ ውሏን ለሌላ ሁለት ዓመት አደሰች። ከዚያ ወዲህ «ጸሎት መልካም ነው፤ እኔ ግን ጸሎትን የመለስሁላቸው ለማሰብ ስለ ሰነፍሁ አልነበረምን?» እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልሰጣቸው ይገባኝ የነበረውን መልስ ዘግይቶ የመፈለግ ሙከራ ነው።

መክሊቱ ምን ያህል ነበር?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የሚገኘውን የመክሊት ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። በስብከትም በትምህርትም ብዙ ጊዜ መክሊትን «ተሰጥኦ» እያልን ስለምንተረጕመው ግን፣ ጌታ ምሳሌውን የመሰለው በእውነተኛ ገንዘብ መሆኑን እንዘነጋለን። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር። አንድ ዲናር ደግሞ፣ በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 20 ከተነገረው የወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ እንደምንረዳው፣ የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው አንድ መክሊት ለማግኘት 20 ዓመት ሊለፋ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው አገልጋይ የቀበረው ትንሽ ነገር አልነበረም፤ የአንድ ሰው የጕልምስና ዘመን ሙሉ ድካም ነበር።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በአይሁድ መምህራን ሕግ ዘንድ የሰው አደራ ገንዘብን በምድር መቅበር እንደ ጥንቁቅ አጠባበቅ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ ያ አገልጋይ በዘመኑ ሰዎች ዐይን አባካኝም ሌባም አልነበረም፤ ጠንቃቃ ነበር። ታዲያ ስለ ምን ተወቀሰ? ምክንያቱን ራሱ ተናግሯል፤ ጌታው ጨካኝ መስሎት ፈርቶ ነበር። የጌታውም ተግሣጽ «ለምን እንደ ጓደኞችህ አልነገድህም?» የሚል ሳይሆን፣ ቢያንስ ለለዋጮች ሰጥቶት ከወለዱ ጋር ሊመለስ ይችል እንደ ነበር የሚያስታውስ ነው። ይኸውም በመቅበርና በመነገድ መካከል ሥጋቱ ያነሰ፣ ትርፉም ያነሰ ሦስተኛ መንገድ እንደ ነበረ ያሳያል። አገልጋዩ የተወቀሰው ትንሹን ሥጋት በመምረጡ ሳይሆን፣ ፍርሃቱ በእርሱ ፋንታ እንዲመርጥ በመፍቀዱ ነው።

መቅበርም ኪሣራ አለው

ብዙዎቻችን «ገንዘቤን ካልነካሁት አልከስርም» ብለን እናምናለን። ይህ እምነት ግን ከሒሳብ ጋር አይስማማም። በሀገራችን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በዓመት ከመቶ 7 ሆኖ ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100,000 ብር በባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ መጨረሻ 107,000 ብር ያገኛል፤ ዓምና በ100,000 ብር ይገዛው የነበረው እህልና ጨርቅ ግን 130,000 ብር ያወጣል። የደብተሩ ቍጥር አድጓል፤ የሌማቱ እንጀራ ግን ቀንሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

ይህን የምለው ባንክን ለመንቀፍ አይደለም። ለዕለት ጕዳይ፣ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ገንዘብ ባለበት ሊገኝ ይገባዋልና፣ ለእርሱ ባንክ ተገቢ ቦታው ነው። ነገር ግን «ሥጋት የሌለበት ቦታ» የሚባል በዚህ ምድር የለም። ገንዘብን ባለበት ማስቀመጥም ራሱ ምርጫ ነው፤ የራሱ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ኪሣራ አለው። እኒያ እናት «ዋጋው ይቀልላል ይሉኛል» ማለታቸው ስግብግብነት አልነበረም፤ እውነት ነበር። እኔ ግን ጥያቄያቸው ውስጥ ያለውን እውነት አልሰማሁትም።

የብብቷን ጣለች

በአንጻሩ ደግሞ አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። ትርፍ ከፍ ባለ ቍጥር ሥጋቱም ከፍ ይላል፤ ይህ የገበያ ሕግ ነው። ከፍ ያለ ትርፍ ያለ ሥጋት የሚሰጥ ሰው ካለ፣ ወይ ሥጋቱን ሸሽጎታል ወይ በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ጭኖታል።

«በሦስት ወር እጥፍ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። በሦስት ወር እጥፍ የሚሆን ገንዘብ በዓመት 16 እጥፍ፣ በሁለት ዓመት 256 እጥፍ ይሆናል። 10,000 ብር የሰጠ ሰው በሁለት ዓመት 2,560,000 ብር ሊቀበል ነው ማለት ነው። እንዲህ የሚያፈራ እርሻም፣ ፋብሪካም፣ ንግድም የለም። ከመቶ 7 ወለድ ገንዘብን እጥፍ ለማድረግ ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ያ «ትርፍ» ከየት ይመጣል? ከኋላ ከሚመጡት ሰዎች ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ስድስት ሰው እንዲያመጣ የሚጠየቅበትን ማኅበር ብንወስድ፣ በዐሥረኛው ደረጃ ከ60 ሚሊዮን በላይ አዲስ ሰው፣ በዐሥራ አንደኛው ከ360 ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ ቢገባበት እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ይህ ሥራ «ሊከሽፍ ይችላል» የሚባል አይደለም፤ ገና ሲጀመር መክሸፉ የተወሰነ ነው። የሚጠየቀው መቼና በማን ላይ እንደሚወድቅ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአልባኒያ የሆነው ለዚህ መራራ ምስክር ነው። ከረጅም የኮሙኒስት አገዛዝ በኋላ ገበያን ገና እየለመደ የነበረው ሕዝብ፣ ቤቱንና ከብቱን ሳይቀር እየሸጠ በእንዲህ ያሉ ድርጅቶች ገንዘቡን አስገባ። ዕዳቸው የሀገሪቱን ዓመታዊ ምርት ግማሽ ያህል ደርሶ ነበር። ድርጅቶቹ ሲፈርሱ ሕዝቡ ዐመፀ፣ መንግሥት ወደቀ፣ 2,000 ያህል ሰዎችም ሞቱ። ከገቡት መካከል ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ የደከሙ ወላጆች እንጂ ስግብግቦች አልነበሩም።

ሌላው የሚዘነጋ ሒሳብ የኪሣራ ሒሳብ ነው። ከ100 ብር 50 ብር የከሰረ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ የቀረውን 50 ብር እጥፍ ማድረግ ይኖርበታል። መውረጃው ከመቶ 50 ነው፤ መውጫው ግን ከመቶ 100 ነው። ስለዚህም ቤተሰቡ የሚኖርበትን ገንዘብ ለትልቅ ትርፍ የሚያስይዝ ሰው፣ ቢሳካለት የሚያገኘው ደስታና ባይሳካለት የሚያየው መከራ እኩል አይመዘኑም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በቍጥር 2413 ስለ ቁማር ሲያስተምር፣ ጨዋታው ለሰውየውና ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ባሳጣ ጊዜ ከግብረ ገብ አንጻር ተቀባይነት እንደሌለው ይገልጻል። ነጋዴም ይሁን ባለ አክሲዮን፣ ይህ ወሰን ለሁሉም ይሠራል።

ሥጋቱን የሚሸከመው ማን ነው?

እዚህ ላይ ግብረ ገባዊው ጥያቄ ከሒሳቡ አልፎ ይሄዳል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ምዕተ ዓመት በጻፈው ታላቅ የነገረ መለኮት ድርሳን ስለ አራጣ ሲያስተምር አንድ ጥሩ መለያ አስቀምጧል። ገንዘቡን አበድሮ ሥጋቱን በሙሉ በተበዳሪው ላይ የጣለ ሰው ተጨማሪ ሊጠይቅ አይገባውም። ከነጋዴ ወይም ከባለ እጅ ጋር በሽርክና ገንዘቡን ያዋለ ሰው ግን ገንዘቡ አሁንም የራሱ ነው፤ ቢጠፋ የሚጠፋው በእርሱ ነው፤ ስለሆነም ከትርፉ ድርሻውን መቀበል ይገባዋል። ቅዱሱ ለትርፍ መብት የሚሰጠው ገንዘብ መያዝ ሳይሆን ሥጋትን አብሮ መሸከም መሆኑን ነው የሚነግረን።

ይህን መለያ ወደ ዕለታዊ ኑሮአችን ብናመጣው ብዙ ነገር ይገልጥልናል። የራሱን ትርፍ ገንዘብ ይዞ በአዲስ ንግድ የሚገባ ወጣት ቢከስር በራሱ ላይ ነው፤ ድፍረቱ ሊመሰገን ይችላል። ያንኑ ድፍረት በእድሩ ገንዘብ የሚያደርግ ገንዘብ ያዥ ግን ደፋር አይባልም፤ ለቀብርና ለለቅሶ የተዋጣውን የመበለቶች ብር ያለ ፈቃዳቸው አስይዟልና። ቢያተርፍ እንኳ በድሏል። አባት የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የማኅበር ሰብሳቢ የአባላቱን መዋጮ፣ እናት በስደት ያለች ልጇን ላብ ሲይዙ፣ ሁሉም አደራ ያዦች ናቸው። የገንዘቡ ባለቤት ሳይሰማና ሳይስማማ ሥጋቱን በእርሱ ላይ መጫን፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ፍትሕን ማጓደል ነው። እኒያ እናት «አደራ ነው» ሲሉኝ፣ ልጠይቃቸው ይገባኝ የነበረው የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅዎ ምን ትላለች?» የሚል ነበር። ይህን ለመጠየቅ የባንክ ዕውቀት አያስፈልግም ነበር።

ሦስተኛው ሚዛን

ሥጋትንና ትርፍን ብቻ መመዘንም አይበቃም። በመኸር ወቅት እህል በርካሽ ገዝቶ ጎተራውን ቈልፎ፣ በክረምት ሕዝቡ ሲራብ በእጥፍ የሚሸጥ ነጋዴ ሥጋቱ ጥቂት፣ ትርፉም ብዙ ነው። በሁለቱ ሚዛኖች ቢለካ «ብልህ» ይባላል። ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ግን በቍጥር 2409 የሰውን አለማወቅ ወይም ችግር ተጠቅሞ ዋጋ ማስወደድን ሰባተኛውን ትእዛዝ ከሚያፈርሱ ነገሮች ይቈጥረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም፣ የሊዮ 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት «ቸንተሲሙስ አኑስ» በተባለው ዐዋዲ መልእክት ቍጥር 36፣ ገንዘብን በአንዱ ቦታ ትቶ በሌላው ለማዋል መወሰን ሁልጊዜ ግብረ ገባዊና ባህላዊ ምርጫ መሆኑን አስተምረዋል። ስለዚህ «ምን ያህል አተርፋለሁ? ምን ያህልስ ልከስር እችላለሁ?» ከሚሉት ቀጥሎ «ትርፌ ከማን ላብ ይመጣል? ገንዘቤስ ለማን እንጀራ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ነግዶ የከሰረው አገልጋይ

በመክሊቱ ምሳሌ ውስጥ የሌለ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ነግዶ የከሰረው አገልጋይ ነው። አምስቱም ዐሥር፣ ሁለቱም አራት ሆኑ። ግን አንዱ በቅን ልቡና ሠርቶ፣ መርከቡ ቢሰጥም ወይም አንበጣ ቢበላበት ጌታው ምን ይለው ነበር? ምሳሌው አይነግረንም፤ ትምህርቱ ግን ይጠቁመናል። ጌታው ሁለቱን ያመሰገነበት ቃል አንድ ዓይነት ነው፤ አምስት ያተረፈውንና ሁለት ያተረፈውን አላበላለጠም። የመዘነው ታማኝነታቸውን እንጂ የትርፋቸውን ቍጥር አይደለም። እንደ እኔ አስተሳሰብ፣ መርምሮና አስተውሎ፣ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ አውሎ የከሰረ ሰው ድኻ ሊሆን ይችላል፤ ሰነፍ አገልጋይ ግን አይባልም። በአንጻሩ ሳይመረምር በዕድል ያተረፈ ሰው፣ ሀብታም ቢሆንም ልባም አይባልም።

ይሁን እንጂ ይህ አነጋገር ለግዴለሾች መሸሸጊያ እንዳይሆን እሰጋለሁ። «ልቤ ቅን ነበር» ማለት የሚችለው ሊጠይቅ የሚችለውን የጠየቀ ሰው ነው። ጌታ ራሱ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር አስተምሯል። ቈጥሮ መነሣት የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሳይቈጥሩ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ያውቃል» ማለት ነው እግዚአብሔርን መፈታተን የሚሆነው።

ምን እንምከር?

በየቁምስናው የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ጥያቄ ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም። ከጥር 2017 ዓ.ም ጀምሮ በሀገራችን የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎም የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን አንዱ በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን ለሚገዙ ሁሉ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ቀድሞ የጥቂቶች የነበረው ምርጫ ወደ ብዙ ቤተሰብ ደጃፍ ደርሷል። የገንዘብ አማካሪዎች መሆን የለብንም፤ «ይህን ግዙ፣ ያን ተዉ» ማለትም አይገባንም። ነገር ግን የሚከተሉትን ልንጠይቅ እንችላለን።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? ባለቤቱስ ሥጋቱን ዐውቆ ተስማምቷልን? ሁለተኛ፣ በሙሉ ቢጠፋ ቤተሰቡ የሚበላው፣ ልጆቹ የሚማሩበት፣ የታመመው የሚታከምበት ይቀራልን? ሦስተኛ፣ ትርፉ ከምን ሥራ እንደሚመጣ በቀላል ቃል ሊነገር ይችላልን? የማይነገር ከሆነ፣ ወይም መልሱ «ሌላ ሰው አምጡ» ከሆነ፣ ሽሹ። አራተኛ፣ ገንዘብ ሰብሳቢው ከሚመለከተው መንግሥታዊ አካል ፈቃድ አለውን? አክሲዮን ከሆነ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን፣ ባንክ ከሆነ ብሔራዊ ባንክን መጠየቅ ይቻላል። አምስተኛ፣ «ዛሬውኑ ካልሰጡ ያመልጥዎታል» ተብሏልን? አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ስድስተኛ፣ ሁሉም ገንዘብ በአንድ ቦታ ነውን?

ስለዚህ ስለ መጨረሻው አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 11 ወደፊት የሚመጣውን ክፉ ነገር አናውቅምና ሀብታችንን ለሰባት፣ ለስምንትም እንድንከፍል ይመክራል። የሀገራችን ገበሬም ይህን ጥበብ ከጥንት ያውቀዋል። በትግራይ ደጋማ ቦታዎች ገብስና ስንዴን በአንድ እርሻ ቀላቅለው ይዘራሉ፤ «ሀንፈጽ» ይሉታል። ዝናብ ቢያጥር ገብሱ ይደርሳል፤ ዝናቡ መልካም ቢሆን ስንዴው ያምራል። ገበሬው ከሁሉ የሚበልጠውን ምርት አላሰበም፤ ልጆቹ በማናቸውም ዓመት እንዳይራቡ አሰበ እንጂ።

ብቻችንን ልንሸከመው የማንችለውን ሥጋት ደግሞ በማኅበር እንሸከመዋለን፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። እ.ኤ.አ. በ1900 በካናዳ፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ አልፎንስ ዴጃርዳን የተባለ ካቶሊካዊ ምእመን በአራጣ የሚሠቃዩ ድኾችን አይቶ በሌቪ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። በመጀመሪያው ቀን የተሰበሰበው 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ብቻ ነበር። የየቁምስናው ካህናት ሐሳቡን ደግፈው አስፋፉት፤ ዛሬ ከሀገሪቱ ታላላቅ የገንዘብ ተቋማት አንዱ ነው። በእኛም ዘንድ እቁብና እድር፣ ሕጋዊ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አሉ። በእነዚህ ውስጥ ሒሳብ በግልጽ ሲነበብ ምእመኑ ገንዘብ ብቻ አይቈጥብም፤ መጠየቅንም ይማራል።

በመጨረሻ ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እርስዎ ምን አደረጉ? እኔው ነኝ የሰጠሁት» አሉኝ። «ጠይቀውኝ ዝም አልሁ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ልጃቸው በዚህኛው ጊዜ ከምትልከው ከፊሉን በስሟ በባንክ፣ ከፊሉን በሰፈራቸው የቁጠባ ማኅበር እንደሚያስገቡላት፣ በየወሩም ደረሰኙን በስልክ እያነበቡ እንደሚነግሯት አጫወቱኝ። «አሁን እርሷም ታውቃለች» አሉ።

ውድ አንባብያን፤ ጌታ ሲመጣ ሒሳብ የሚጠይቀን በእጃችን ስላለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሊጠይቀን መጥቶ ባዶ እጁን ስለ ሸኘነው ሰውም ነው። እግዚአብሔር ለሁላችንም የማስተዋልን መንፈስ ይስጠን። አሜን።